በጋፋት ኮረብታ ላይ

አንባቢ ሆይ፤ ደብረ ታቦር የደረሱ እንደሆነ ጋፋትን ሳያዩ አይመለሱ። ከከተማው ሩቅ አይደለምና በእግር ቢሄዱ መልካም ነው። እኔ የሄድሁት ከአንድ ባልንጀራዬ ጋር ነበር። እርሱ የካውቦይ ፊልም ሰብሳቢ ነው፤ የሚሰበስበው ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ሳይሆን፥ በጥቂት ገንዘብ ተሠርቶ የተረሳውን ነው።

«ደህናው ሞልቶ ሳለ ተራውን ምን ብለህ ወደድኸው?» ብዬ መንገድ ላይ ጠየቅሁት።

«በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹ ኢጣልያኖች እንዲህ ያለውን ፊልም በመቶ የሚቆጠር ሠርተዋል» አለኝ። «የአሜሪካ በረሃ ነው የሚሉህ ብዙውን ጊዜ የእስፓኝ አልሜሪያ ነው። ሰርጂዮ ሊዮኔ እንኳ በ1964 ‹ለእፍኝ ዶላር› የተባለውን ሲያወጣ፥ አሜሪካዊ ለመምሰል ስሙን ቦብ ሮበርትሰን አስብሎ ነበር። እርሱስ በኋላ ስሙ ገነነ። በውሰት ስም ሠርተው የቀሩትን ግን ማን ያስታውሳቸዋል? በርካሹ ፊልም ውስጥ የሣንቃው ግድግዳ ሲነቃነቅ የሠራተኛው እጅ ይታየኛል። ይህን የሚይዝለት ካጣ ይጠፋል።»

ነገሩ የሥራ ፈት ጨዋታ መስሎኝ ሳቅሁ። ጋፋት ስንደርስ ግን ሳቄን ተውሁ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን አስፍረው መድፍ ያሠሩት እዚህ ነው። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡት እነ ቴዎፍሎስ ቫልድማየር፥ የማያውቁትን የማቅለጥ ሥራ እየወደቁ እየተነሡ ተማሩት። በ1859 ዓ.ም. ወደ 70 ኩንታል የሚጠጋው ሴባስቶፖል ተሠራ። በሰው ጉልበት እየተጎተተም በመጋቢት 1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው አለ።

ቫልድማየር የሕይወት ታሪኩን ጽፎ ስሙን አትርፏል። ወናፍ የነፋው፥ እንጨት የተሸከመው፥ ገመድ የጎተተው የአገሬው ሰው ግን ስሙ የት ይገኛል?

ባልንጀራዬ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ አንድ ጥቁር ድንጋይ አነሣ። ኪሱ ሊከተው ነው ስል፥ አገላብጦ አይቶ ከነበረበት መለሰው።

«የዚህስ ቦታው እዚህ ነው» አለኝ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ተማሪም ቢሆኑ የመንግሥት ሠራተኛ፥ አሮጌ መዝገብ ሊጣል ሲል ወይም አያትዎ የጥንቱን ሲያወሩ ጋፋትን ያስቡ። ትልቁን ነገር ሁሉም ይጠብቀዋል፤ ትንሹ ግን የሚጠፋው፥ ሌላ ሰው ይይዘዋል እያልን ስንተወው ነው።