ትንሿን ነበልባል ዝም አናሰኛት



አማን በተራሮች ላይ የተሠራች ከተማ ናትና የብርዱ ወራት ሲገባ፣ ዐረብ አገር ሁሉ ሙቀት ብቻ መስሎት የመጣ ሰው ይደነግጣል። በየቤቱም የአገሩ ሰዎች «ሶባ» የሚሉት ማሞቂያ ይለኮሳል። ዛሬ የምጽፍላችሁ በጋዝ ማሞቂያ ውስጥ ስላለች አንዲት ትንሽ ነበልባል ነው። ነገሩ የጠጋኝ ሥራ ቢመስልም የሕይወት ጉዳይ ነውና ታገሡኝ።

በአዳራሻችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የጋዝ ማሞቂያ ዘንድሮ አስቸገረን። ማብሪያውን ተጭነን ስንይዘው ይበራል፤ ስንለቀው ይጠፋል። ከመካከላችን አንዱ፣ «ማብሪያው እንደ ተጫነ በሽቦ እንሰረው» አለ። ብዙ ቤት እንዲህ እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ ስለዚህም ነው ይህን መጻፍ ያስፈለገኝ።

ይህች ነበልባል ፓይለት ትባላለች። ከአጠገቧ ቴርሞካፕል የሚሉት ቀጭን ብረት አለ። ነበልባሏ ጫፉን ስታግለው በሚሊቮልት የሚቆጠር ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ያም የጋዙን በር ከፍቶ ይይዛል። ነበልባሏ ከጠፋች ብረቱ ይቀዘቅዛል፤ በሩም በራሱ ይዘጋል። ጭስ ማውጫ በሌላቸው ብዙ ማሞቂያዎች ላይ ደግሞ ሌላ አደራ አለባት። ከምንተነፍሰው አየር 21 ከመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው፤ ይህ ወደ 18 ከመቶ ገደማ ሲወርድ ነበልባሏ ከብረቱ ጫፍ ትርቃለች፤ ጋዙም ይዘጋል። እንግዲህ ስትጠፋ አንድም አቧራ አንቋት ወይም ብረቱ አርጅቶ ነው፤ አንድም «የዚህ ክፍል አየር አልቋል» እያለችን ነው።

ባለሙያ ጠራን። በመጀመሪያ ጋዙን ከሲሊንደሩ ዘጋ፤ ማሞቂያውም እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ። ከፍቶ ሲያሳየን ፓይለቷ ሰማያዊ የምትነድበት ቀዳዳ በአቧራና በጥላሸት ተደፍኖ ነበር። እርሱ ግን በመርፌ አልጎረጎረውም። ቀዳዳው በልክ የተሠራ ስለሆነ ትንሽ ቢሰፋ እንኳ ጠባቂነቱ ይበላሻል፤ ስለዚህ ነበልባሏ የምትወጣበትን ጫፍ፣ ቴርሞካፕሉንና መለኰሻውን አንድ ላይ የያዘውን ክፍል፣ ለዚያው ማሞቂያና ለዚያው የጋዝ ዓይነት በተሠራ አዲስ ክፍል ሙሉ በሙሉ ተካው። መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ቀብቶ ጋዝ እንዳያፈስ አየ። በመጨረሻም ለኰሳት፤ ሆን ብሎም አጠፋት። ሁላችንም ዝም ብለን አዳመጥን። ጥቂት ቆይቶ በሩ «ቀጭ» ብሎ ሲዘጋ፣ «አሁን ሥራው አለቀ» አለ። ሥራው ማብራት ብቻ መስሎን ለነበርን ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ መዝጋቱ ሳይፈተን የተጠገነ ማሞቂያ አልተጠገነም።

አየር ያጠረው እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወልዳል። ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ በደማችን ውስጥ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ምልክቶቹ ናቸው። የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ ያልፋል። የቡናችንና የዕጣናችን ከሰልም ይህንኑ መርዝ ያወጣል፤ እርሱን የሚዘጋ ጠባቂ ነበልባል እንኳ የለውም። በአገራችን ደጅ አቀጣጥለን የምናስገባው ፍም፣ እዚህ መስኮቱ በታሸገ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሌላ ነገር ነው።

በሰው ቤት የምትሠሪ እኅቴ ሆይ፣ ማሞቂያውን ማስጠገን በእጅሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ። መናገር ግን በእጅሽ ነው። «ማዳም፣ ይህ እሳት ደጋግሞ ይጠፋል፤ ባለሙያ ይየው» ማለት ድፍረት አይደለም፤ የእርስዋንም ልጆች ማዳን ነው። እስኪሠራም ድረስ አትለኩሺው። ደኅናውንም ቢሆን ስታበሪ መስኮቱን ጥቂት ክፈቺ፤ ከመተኛትሽ በፊት አጥፊው፤ በሌሊት ብርድ ልብስ ደርቢ። ራስሽን ቢያምሽና አብረውሽ ያሉትንም ቢያማቸው፣ ሁላችሁም ወደ ደጅ ውጡ፤ በዮርዳኖስ ወደ 911 ደውሉ።

ሽቦው በአዳራሹ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ ለመጋረጃ ይሆናል። የሚያስጠነቅቀንን ለማሰር ግን፣ ወዳጆቼ፣ ብርዱ የቱንም ያህል ቢበረታ፣ ሽቦ አንፈልግ።