ጆሮ ብቻ

ትናንት ንጋት ላይ ቨርጂኒያ፣ ከብሉ ሪጅ ተራሮች ሥር ነበርኩ። ጉሙ ከሠላሳ እርምጃ ወዲያ አያሳይም፤ ቁጥቋጦው ደግሞ እጅ ለእጅ ተያይዟል። እንዲህ ባለ ጥሻ ውስጥ ሙሉ አጋዘን የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። የሚፈለገው ቁራጭ ነው፦ የሚርገበገብ ጆሮ፣ የአፍንጫ ጥቁረት፣ ቀጥ ብለው በቆሙ ግንዶች መሀል አግድም የተሰመረ ጀርባ። ሁለት እርምጃ እሄዳለሁ፣ እቆማለሁ። ነፋሱ ከፊቴ ስለሚመጣ ጠረኔ አይደርሰውም።

ጆሮ አየሁ! ጠመንጃዬን አነሳሁ። ከጆሮው በታችም ሆነ ከኋላው ያለው ግን አይለይም። በጠመንጃ አደን ወቅት ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ልበሱ የሚባለው ሰው በስህተት እንዳይመታ ነው፤ ጉም ግን ቀለምም ይበላል። (እናቴ ሮዝ ሰደርያዬን ብታይ!) ጠመንጃዬን አወረድኩት።

ነጭ ጭራ ሽቅብ ብልጭ አለና ጉሙ ዋጠው።