የአባቴ ካርቶኖች

ዛሬ የማካፍላችሁ ነገር የሚጀምረው ከጠመንጃ መነጽር ነው። «ጠመንጃ በመንፈሳዊ ጽሑፍ ውስጥ ምን ይሠራል?» እንዳትሉኝ፤ ጥቂት ታገሡኝ። የምናገረው ስለ ራሴ ጥፋት፣ ጌታም በዚያ ጥፋት በኩል ስላስተማረኝ ነገር ነው።

አባቴ የድሮ ፖሊስ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና ወጣት ሳለ፣ እዚሁ ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ሰፈር ሠለጠነ። ያ ሰፈር ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደበት ነው። ማንዴላ ስድስት ወር እንዲሠለጥን ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ትግሉ ስለፈለገው ሳይጨርስ ወደ አገሩ ተጠራ። በዚያው ዓመት ኦገስት 5 ቀን ተያዘና ከ27 ዓመት በላይ ታሰረ። አባቴ ከእርሱ በኋላ ስለመጣ አላየውም፤ ግን «እኔና ማንዴላ የአንድ ሜዳ ተማሪዎች ነን» እያለ ይቀልዳል።

አባቴ ከተኩስ ትምህርት ሁሉ አብልጦ የሚያነሳው አንድ ነገር ነው፦ ቀዳዳውን። ኤም ዋን የሚባለው የአሜሪካ ጠመንጃ የኋላ ማነጣጠሪያው ትንሽ ክብ ቀዳዳ ናት። «ሰው ትንሽ ቀዳዳ እይታ የምትጋርድ ይመስለዋል» ይለኛል። «ግን በእርሷ ስታይ የጠመንጃው ጫፍም፣ ሩቅ ያለው ዒላማም አብረው ይጠራሉ።»

ከፖሊስነት ከወጣ በኋላ ለጥቂት ዓመታት በባሌ ተራሮች የደጋ አጋዘን ለማደን ፈቃድ አውጥተው ከሚመጡ የውጭ አገር ሰዎች ጋር መንገድ መሪ ሆኖ ሠርቷል። አንዱ እንግዳ ሲሰናበት አሮጌ የጠመንጃ መነጽር ሰጠው። ጠመንጃ የለም፤ መነጽሩ ብቻ። ሩቁን አራት ጊዜ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነው። አባቴ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ወጨጫ ተራራን ያይበታል።

ታዲያ የመነጽሩ ምስል ጥርት ያለ አልነበረም። የነገሮች ጠርዝ ይደበዝዛል፣ ዳርና ዳሩ ቀለም ያወጣል። አባቴ አንድ ቀን ከስኳር ካርቶን ክብ ቆረጠ፤ መሐሉን 12 ሚሊ ሜትር ያህል ቀደደና የመነጽሩ አፍ ላይ ገጠመው። «ና እይ» አለኝ። አየሁ። የባሕር ዛፉ ቅርንጫፍ አንድ በአንድ ይቆጠራል!

ነገሩ ምትሐት አይደለም። ሌንስ ብርሃንን እያጎበጠ አንድ ቦታ ላይ ይሰበስባል። ነገር ግን በመሐሉ የሚያልፈው ብርሃንና በዳሩ የሚያልፈው ብርሃን በትክክል አንድ ነጥብ ላይ አይገናኙም፤ በተለይ ርካሽ ወይም ያረጀ መስታወት ሲሆን። ያ ልዩነት ነው ምስሉን የሚያደበዝዘው። ካርቶኑ የዳሩን ብርሃን ይከለክላል፤ በመሐል የሚያልፈው ብቻ ይቀራል።

ሌላም ጥቅም አለው። 32ን ለ4 ብናካፍል 8 ይሆናል፤ ይህ ማለት ከመነጽሩ ወደ ዓይን የሚወጣው የብርሃን ዘለላ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው ማለት ነው። የዓይናችን ብሌን ግን በቀን ብርሃን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው የምትከፈተው። ስለዚህ ዓይን በዚያ ሰፊ ዘለላ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ልትዋልል ትችላለች፤ ከመሐል ስትወጣም በመስታወቱ ዳር በኩል ታያለች። የሚተኩስ ሰው ዒላማውን ከሚስትባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ቀዳዳው 12 ሲሆን ዘለላው ወደ 3 ይወርዳል፤ ዓይን ወደ መሐል ካልመጣች ጨርሶ አታይም።

ዋጋ ግን ያስከፍላል። በ12 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ወደ መነጽሩ የሚገባው ብርሃን ከቀድሞው አንድ ሰባተኛ ያህል ብቻ ነው። በጠራራ ፀሐይ ብሌናችን ራሷ ጠባብ ስለሆነች ጉዳቱ አይታወቅም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅና ብሌን ስትሰፋ ግን ምስሉ ይጨልማል። አባቴ ወደ 12 ሰዓት ሲጠጋ ካርቶኑን ያወልቅ ነበር።

ሰኔ 14 ቀን 2012 እሑድ ጠዋት ትዝ ይለኛል። በኮሮና ምክንያት ቤት ውስጥ ነበርን። ፀሐይ በጨረቃ ስትጋረድ አባቴ ጠራኝና ግድግዳውን አሳየኝ። በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ የገባው ብርሃን፣ ዘወትር ክብ የነበረው፣ ማጭድ መስሎ ነበር። «አየህ? ክብ የምትለው የቀዳዳው ቅርጽ አልነበረም፤ የፀሐይዋ መልክ ነው። ትንሽ ቀዳዳ ፀሐይን ሙሉ ታመጣለች» አለኝ። ያን ቀን ከአባቴ ጋር ረጅም ሰዓት ተቀምጠን ተጫወትን፣ አብረን ጸለይን። ከዚያ በኋላ እንዲያ ለመቀመጥ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ምክንያቱም አብያተ ክርስቲያናት ተመልሰው ሲከፈቱ አገልግሎት በላዬ ላይ ጎረፈ። የሕንፃ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆንኩ። የወጣቶች ኅብረት አስተባባሪ ሆንኩ። ማክሰኞ የቤት ለቤት ኅብረት፣ ረቡዕ የጸሎት ፕሮግራም፣ ዓርብ አዳር፣ ቅዳሜ የመዘምራን ጉዳይ። ከአጠና ተራ ታክሲ ይዤ የምሮጠው ለጌታ ነው ብዬ አምን ነበር። ማንም ሲጠራኝ «እሺ» እላለሁ። «ወንድማችን ትጉ ነው» ሲባል ደግሞ ደስ ይለኛል። ይህንን አልደብቃችሁም።

አባቴ በረንዳው ላይ ነበር። ስወጣ «መንገድህ የተባረከ ይሁን» ይለኛል፤ ስመለስ ተኝቷል። መጽሐፍ ቅዱሱንም በቀዳዳ ካርድ እያየ ሲያነብ አገኘው ነበርና «አባዬ፣ እግዚአብሔርንም አነጣጠርክበት እንዴ?» ብዬ ቀልጄበት አልፌአለሁ። ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። አልፌ እሄዳለሁ።

በ2014 አንድ ቀን የሕንፃ ኮሚቴውን ደረሰኝ ስፈልግ የአባቴን መሳቢያ ከፈትኩ። ውስጡ በክር የታሰሩ ካርቶኖች አገኘሁ። ስድስት ናቸው። የመጀመሪያው ያ የማውቀው የ12 ሚሊ ሜትሩ ነው። ቀጣዩ ያንሳል። ሦስተኛው ከዚያም ያንሳል። የመጨረሻው በመርፌ የተወጋ ያህል ነበር፤ ጠርዙም በእጅ ብዛት አድፏል።

ቆሜ ቀረሁ። አባቴ መነጽሩን እያሻሻለ አልነበረም። ዓይኑ እየከዳው ነበር። የራሱ ዓይን በደበዘዘ ቁጥር ቀዳዳውን እያጠበበ ሲያካክስ ኖሯል። ስድስቱ ካርቶኖች ያልተነገሩኝ ስድስት ንግግሮች ነበሩ።

ሄጄ ጠየቅሁት። «አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተ የጌታ ሥራ ላይ ነህ፤ ላደናቅፍህ አልፈለግሁም፣ ልጄ» አለኝ።

በማግስቱ ወደ ዓይን ክሊኒክ ወሰድኩት። ነርሷ ፊደል ወዳለበት ሰሌዳ አስቀመጠችው። ከዚያም ትንንሽ ቀዳዳዎች ያሉበት ጥቁር መከለያ አንሥታ «አባባ፣ በዚህ በኩል ይመልከቱ» አለችው። አባቴ ሳቀ። «ልጄ፣ ይሄ የእኔ ካርቶን እኮ ነው!»

እውነትም ነው። ሐኪሞች ያንን ቀዳዳ የሚጠቀሙት ለመለየት ነው። ሰው በቀዳዳው ሲያይ እይታው ከተሻሻለ ችግሩ በአብዛኛው ብርሃኑ በትክክል አለመሰብሰቡ ነውና መነጽር ይረዳዋል። ካልተሻሻለ ግን ሕመሙ ሌላ ቦታ ነው ብለው ይመረምራሉ። የአባቴ ቀኝ ዓይን በቀዳዳው ሲያይ ሦስት መስመር ወደ ታች አነበበ። ግራው ግን ምንም ለውጥ አላመጣም።

ምርመራው ግላኮማ ሆነ። በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ቀስ በቀስ ይጎዳል። አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም፤ እይታን ከዳር ጀምሮ ይበላል፤ ሰው የሚነቃው ብዙው ከሄደ በኋላ ነው። ሐኪሟ በትሕትና ነገረችን፦ የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በጠብታ መድኃኒት መጠበቅ ይቻላል። «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ጥሩ ነበር» አለች። የተናገረችው ይህን ብቻ ነው። ለእኔ ግን በቂ ነበር።

በዚያ ሌሊት ማርቆስ ምዕራፍ 7ን ገልጬ አነበብኩ። ጌታ ኢየሱስ ፈሪሳውያንን «ቁርባን» ስለሚሉት ነገር የገሠጸበት ነው። አባትና እናት ሊያገኙት የሚገባውን ነገር «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» ብለው ይከለክሏቸው ነበር። ያንን ክፍል በወጣቶች ኅብረት ሁለት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ ይመስለኝ ነበር። ለካ የአባቴን ጊዜ ቁርባን ብዬ በኮሚቴ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አለቀስኩ፤ ንስሐ ገባሁ። በአዲስ ኪዳን «ኃጢአት» ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል በመነሻው ዒላማን መሳት ማለት እንደሆነ ሰምተን እናውቃለን። እኔ የሳትኩት ሳልተኩስ ቀርቼ አልነበረም፤ በሁሉም አቅጣጫ ስተኩስ ነው።

ወገኖቼ፣ ልቤ እንደዚያ አሮጌ መነጽር ነበር። ሰፊ ነው፤ ብዙ ብርሃን ያስገባል። ብዙ ብርሃን ግን ጥራት አይደለም። ዳር ዳሩን የሚገባው ሁሉ ክፉ ነገር አልነበረም፤ እያንዳንዱ መልካም አገልግሎት ነበር። ነገር ግን በአንድ ነጥብ ላይ አይገናኝም።

እግዚአብሔር ጌዴዎንን ምን እንዳደረገው አስቡ። 32 ሺህ ሰው ይዞ ወጣ። 22 ሺህ ተመለሱ፣ 10 ሺህ ቀሩ። እግዚአብሔር ግን አሁንም ብዙ ናቸው አለ፤ በመጨረሻ 300 ቀሩ። በሰው ዓይን ያ መዳከም ነው። ድሉ የማን እንደሆነ ጥርት ብሎ የታየው ግን በዚያ ጠባብ ቀዳዳ በኩል ነው። ማርያምም በቢታንያ ቤት የመረጠችው ነገር አንድ ብቻ ነበር።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ወደ መጋቢያችን ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ከአገልግሎቶቼ ሦስቱን አስረከብኩ፤ የወጣቶች ኅብረቱን ብቻ ያዝኩ። ቀላል አልነበረም። ብርሃኑ ቀነሰ፤ ስሜ በማስታወቂያ ላይ መጠራቱ ቀረ፣ አንዳንዶችም «ቀዘቀዘ እንዴ?» አሉ። ኮሚቴው ግን አልፈረሰም፤ ከእኔ የተሻለች ጸሐፊ አገኘ።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። አባቴ የመጨረሻውን ካርቶን ሲያሳየኝ «ይሄኛው አልረዳኝም» ብሎኛል። ቀዳዳ ከልክ በላይ ሲጠብ ብርሃን ራሱ በጠርዙ ላይ እየተበተነ ምስሉን መልሶ ያደበዝዘዋል። ስለዚህ «አገልግሎት ተዉ፣ ከቅዱሳን ኅብረት ራቁ» እያልኩ አይደለም። ራሱን ከሰው ሁሉ የዘጋ ክርስቲያንም አይጠራለትም። ጥያቄው ስንት ነገር እንተው አይደለም፤ በመሐል ያለው ማን ነው ነው።

አሁን ጠዋት ጠዋት ጠብታውን የማደርግለት እኔ ነኝ። አዲሱን መነጽር አድርጎ በቀኝ ዓይኑ መዝሙረ ዳዊትን ያነባል፤ እኔ አዳምጣለሁ። ግራ ዓይኑ አልተመለሰም። ጌታ ይቅር ብሎኛል፤ አባቴም ከእኔ በፊት ይቅር ብሎኛል። ነገር ግን ይቅርታ የጠፋውን ሁሉ እንደማይመልስ በየጠዋቱ አያለሁ፤ ይህም በትሕትና ይጠብቀኛል።

እናንተም ዕድሜያችሁ ከአርባ ካለፈ፣ በተለይም በቤተሰባችሁ ግላኮማ ያለበት ሰው ካለ፣ ዓይናችሁን ተመርመሩ፤ እኔም ተመርምሬአለሁ። ከዚያም ዛሬ ማታ አንድ ጥያቄ ለራሳችሁ አቅርቡ፦ በቤቴ ውስጥ ሳይነግረኝ ካርቶን እየቀደደ ያለ ሰው ማን ነው?

ጌታ ሆይ፣ ልባችንን ሰብስብልን። በአንተ ስም ያለፍናቸውን ሰዎች አሳየን። ጊዜው ሳያልፍ እንድንደርስላቸው ጸጋህን ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።