አሰላለፉን የሚጽፈው ማን ነው?

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ራሴ ጥፋት ነው።

እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በዚህ ክረምት ወሎ ገጠር ገብቼ ማታ ማታ ፊደል አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የትምህርት ቤቱን ልጆች እግር ኳስ አሠለጥናለሁ። ከግጥሚያ በፊት ልጆቹን ሰብስቤ፣ አማትቤ እጸልይ ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮኝ ያማትባል። እኔም «ፍቅር ማለት ይህ ነው» እያልሁ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ማታ ከተማሪዎቼ አንዲት እናት ከትምህርት በኋላ ቀሩ።

«ልጄ፣ ክፉ እንዳላሰብህ አውቃለሁ» አሉኝ። «የኔው ልጅ ግን የሚያማትበው፣ ካላማተብሁ አያሰልፈኝም ብሎ ነው። ቤት ሲገባ አባቱን ቀና ብሎ አያይም።»

«እትዬ፣ እኔኮ ማንንም አላስገደድሁም» አልኋቸው።

«አሰላለፉን የሚጽፈው ማን ነው?»

መልስ አጣሁ። ያን ሌሊት አንድ ያነበብሁት የአሜሪካ ጉዳይ ትዝ አለኝ። በዋሽንግተን ግዛት፣ ብሬመርተን በምትባል ከተማ፣ ጆሴፍ ኬኔዲ የሚባል የትምህርት ቤት ረዳት አሠልጣኝ ነበር። ግጥሚያ ሲያልቅ ሜዳው መካከል ተንበርክኮ ይጸልያል። ውሎ አድሮ ተጫዋቾቹም አብረውት ይንበረከኩ ጀመር። አንድ ወላጅ ግን፣ ልጄ የማያምን ሆኖ ሳለ የመጫወቻ ጊዜው እንዳይቀነስበት ፈርቶ ነው የሚገባው ሲል ተናገረ። በ2008 ዓ.ም. አሠልጣኙ ከሥራ ታገደ። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. 6 ዳኞች ጸሎቱ መብቱ ነው ብለው ፈረዱለት። 3ቱ ግን ተማሪዎች ጫና ያድርባቸዋል ብለው ተቃወሙ።

የእኛም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የሃይማኖትን ነጻነት ይሰጣል። ትምህርትም ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። እኔ መብት አለኝ፤ ልጁም መብት አለው። ግን ሜዳ ላይ እኩል አይደለንም። እሱ ተሰላፊ ነው፤ እኔ አሰላፊ ነኝ።

በማግስቱ ልጆቹን ሰብስቤ ጥፋቴን ነገርኋቸው። አሁን ጸሎቴን ቤቴ አድርሼ ወደ ሜዳ እወጣለሁ። የተሰላፊዎቹን ስም ደግሞ በግጥሚያው ዋዜማ ጽፌ ክፍላችን በር ላይ እለጥፋለሁ። ከዚያ ወዲያ የሚያማትብ ያማትባል፤ ቢስሚላህ የሚልም ይላል፤ ዝም የሚልም ዝም ይላል።

ባለፈው ቅዳሜ እኚያ እናት በሩ ላይ ቆመው፣ ዝርዝሩን በጣታቸው እየተከተሉ፣ ፊደል በፊደል ሲያነቡ አየኋቸው። የልጃቸውን ስም ራሳቸው አገኙት።