ለቤት የሥራ ክፍል የኤሌክትሪክ መሣሪያ ስለ መምረጥ

መሣሪያ መግዛት ገንዘብ ላለው ሰው ሁሉ የተቻለ ነገር ነው፤ የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው ለይቶ መግዛት ግን የማስተዋል ሥራ ነው። በደባርቅና በዳባት ከተማ እንደሚታየው፣ ዛሬ ቤት የሠራ ሰው በርና መስኮት፣ አልጋና ጠረጴዛ፣ ለልጆቹም የማጥኛ ወንበር ይፈልጋል። ከዚህም የተነሣ በግቢያቸው አንዲት ክፍል ለይተው በኤሌክትሪክ መሣሪያ እንጨት ለመሥራት የሚመኙ ወጣቶች ብዙዎች ናቸው። የመሣሪያው ዋጋ የሚወጣው ግን ብዙ ጊዜ ከአባትና ከእናት፣ ከአጎትና ከአክስት ስለ ሆነ፣ ነገሩ የወጣቶች ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብ ሁሉ ጉዳይ ነው። ስለዚህ የተመለከትሁትንና የተረዳሁትን ለአንባቢዎች በአጭሩ ለመግለጽ አሰብሁ።

የእኅቴ ልጅ የእንጨት ሥራ ትምህርቱን በፈጸመ ጊዜ በእናቱ ፊት ሁለት መንገድ ነበረ፤ ወይም ከሁለቱ በሬዎቿ አንዱን ሸጣ መሣሪያ ልትገዛለት፣ ወይም እርሱ እንደ እኩዮቹ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ቈላ ሊወርድ ነው። በሬ ከጥንዱ ሲጐድል እርሻ እንደሚቆም፣ የቈላውም ወባ የሰው ልጅ እንደማይመርጥ ታውቃለችና እጅግ ተጨነቀች። ልጁም የዘጠኝ መሣሪያ ዝርዝር ይዞ ወደ እኔ መጣ። እኔም በፍርድ ቤት ጽሕፈት እንደ ለመድሁት በወረቀቱ ላይ መስመር አሰመርሁና፣ «በየመሣሪያው አንጻር ምን እንደምትሠራበት፣ ማን እንደሚገዛህ፣ በሳምንትም ስንት ቀን እንደምትይዘው ጻፍበት» አልሁት። እርሱም፣ «አጎቴ፣ ሁሉም እኮ ያስፈልገኛል» ሲል መለሰልኝ። በማግሥቱ ግን ከዘጠኙ አምስቱን በገዛ እጁ ሰርዞ መጣና፣ «እነዚህን በወር አንድ ቀን እንኳ አልይዛቸውም፤ ሲያስፈልገኝ ከፍዬ አሠራባቸዋለሁ» አለኝ።

አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው በኤሌክትሪክ የማይሠራው መሣሪያ ነው። ሜትር፣ ስኳድራ፣ የተሳለ መሮ፣ የእጅ መጋዝ፣ እንጨቱን አጥብቆ የሚይዝ ሞርሳና የማይነቃነቅ የሥራ ጠረጴዛ ከሌለ፣ ፈጣን መሣሪያ ስሕተትን ከማፍጠን በቀር የሚያደርገው ጥቅም የለም።

ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ፊተኛው መሰርሰሪያ ነው። በጀርመን አገር በሽቱትጋርት የፋይን ፋብሪካ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1895 የመጀመሪያውን የእጅ ኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ሠራ። በ1917ም በአሜሪካ ብላክና ዴከር የተባሉት ሰዎች እንደ ሽጉጥ እጀታና ምላጭ ላለው መሰርሰሪያ የፈጠራ መብት ተቀበሉ፤ የዛሬው መልኩ ከዚያ የመጣ ነው። ለቤት ሥራ ከ600 እስከ 750 ዋት ኃይል ያለው፣ እስከ 13 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ፑንታ የሚይዝ፣ ፍጥነቱ በጣት የሚጨመርና የሚቀነስ፣ ለብሎኬትም የመምታት ኃይል ያለው ይበቃል። ሁለተኛው ክብ መጋዝ ነው፤ የጥርሱ ክብ 185 ሚሊ ሜትር ግድም የሆነው 6 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ጣውላ በአንድ ጊዜ ይቈርጣል። ሦስተኛው የኤሌክትሪክ መላጊያ ነው፤ የአካባቢያችን የባሕር ዛፍ ጣውላ ሲደርቅ የሚጣመም ነውና፣ ያለ እርሱ ቀን ሙሉ መድከም ይሆናል። አራተኛው በብርጭቆ ወረቀት የሚያለሰልሰው ነው። እነዚህ አራቱ በርና መስኮት፣ አልጋና ጠረጴዛ ለሚሠራ ሰው በቂዎች ናቸው።

ልጁ ከሰረዛቸው አንዱ የብረት መቍረጫው ግራይንደር ነው፤ ይህም መልካም ሆነ። አንዳንድ ሰዎች መከላከያውን አውልቀው የእንጨት መጋዝ ጥርስ ይገጥሙበታልና። ይህ ትንሽ መሣሪያ በደቂቃ እስከ 11,000 ጊዜ ይዞራል፤ ጥርሱም እንጨት በነከሰ ጊዜ ወደ ያዘው ሰው ይዘላል። ለብረት ሥራ የሚገዛውም ሰው በዲስኩ ላይ የተጻፈውን የፍጥነት ልክና የአገልግሎት ጊዜ ሳያነብ አይግጠም። ለአራቱ መሣሪያ የሚያስፈልገውም ገንዘብ በተሰላ ጊዜ ከጥቂት በጎች ዋጋ ስላላለፈ፣ በጎቹ ተሸጡ፤ በሬውም ከጓደኛው ጋራ በቀንበሩ ቀረ።

ስለ ኤሌክትሪኩም ማሰብ ይገባል። የአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ በመሣሪያው ላይ የተጻፈውን ዋት ለ220 ብናካፍለው የሚስበውን አምፔር እናገኛለን። 1,400 ዋት ያለው መጋዝ ከ6 አምፔር በላይ ይስባል፤ ስለዚህ ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ አይችለውም፤ ገመዱም ይግላል፣ ሞተሩም ኃይል አጥቶ ይቃጠላል። መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር የሚሠራ ሰው ደግሞ የአገሩን ከፍታ ይቍጠር። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ትገኛለች፤ የቤንዚን ሞተርም አየሩ ስለሚሳሳበት በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ በመቶ ከ3 እስከ 4 ያጣል። እንግዲህ 3 ኪሎ ዋት ተብሎ የተገዛው በእኛ አገር የሚሰጠው 2 ኪሎ ዋት ያህል ብቻ ነው። በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ለገጠር ሥራ ይመቻል፤ ነገር ግን የሊቲየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ኃይል ሲሞላ ይበላሻልና፣ ውርጭ በሚጥልባቸው በስሜን ደጋዎች ሌሊት በውጭ አይሞላ።

ለዓይን መነጽር፣ ለጆሮ መድፈኛ፣ ለአፍንጫ መሸፈኛ ከመሣሪያው ጋራ አብሮ ይገዛ እንጂ ለሌላ ጊዜ አይቈይ። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1995 የእንጨት ትቢያ ካንሰር እንደሚያመጣ ወስኗል። የደባርቅ ብርድ ብርቱ ነው፤ ቢሆንም ጋቢ ወይም ነጠላ ለብሶ በሚዞር መሣሪያ አጠገብ መቆም ሞትን መጥራት ነው። መሰርሰሪያም በጓንት አይያዝ፤ ጓንቱን ይዞ እጅን ይጠመዝዛልና።

በመጨረሻም ስለ ክብር አንድ ነገር ልናገር። በተከበረ ቤት ያደገ ልጅ መጋዝ ሲይዝ የሚያፍሩ ወላጆች ዛሬም አልጠፉም። በ1847 ዓመተ ምሕረት በዚሁ በስሜን፣ በደረስጌ ማርያም የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ግን በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የእጅ ሥራን አቋቁመው ሠራተኛውን አከበሩ። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓመተ ምሕረት ባለ እጅን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። በወገራና በስሜን ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸክላ እየሠሩ፣ ቤት እያነጹ አገሩን ያገለገሉት ቤተ እስራኤል ቡዳ እየተባሉ ኖሩ፤ በ1977ና በ1983 ብዙዎቹ ወደ እስራኤል በሄዱ ጊዜ ግን ጥበባቸው አብሯቸው ሄደ። የተሰደበ ጥበብ እንዴት እንደሚጐዳ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ መሣሪያ ግዙልኝ ሲላችሁ ዝርዝሩን አትቅደዱበት፤ ዝም ብላችሁም አትፈርሙለት። አብራችሁት ቍጭ ብላችሁ በየመስመሩ ጠይቁት። ሥራውን የሚያውቅ ልጅ ከእናንተ በፊት ራሱ ይሰርዛል፤ ሳይሰረዝ ለቀረውም ሳትሳሱ ክፈሉለት።