«እናትሽ ዓረብ አገር ናት»

እስረኛ መጠየቅ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የተራበን ከማብላትና የታረዘን ከማልበስ ጋር የተቆጠረ ስለሆነ፣ በዓል ሲደርስ ዳቦና ቆሎ፣ ሳሙናና ልብስ ይዞ ቃሊቲ የሚወርድ ማኅበር ሞልቷል። የእኛም የማርያም ማኅበር ለዓመታት ያደረገው ይህንኑ ነው። ተፈትሸን እንገባለን፣ አባ ይጸልያሉ፣ መዝሙር ይዘመራል፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ እኛም አልቅሰን ወደየቤታችን እንመለሳለን። ደግ ሥራ ነው። ግን ቀላሉ ይኼ መሆኑን የተረዳነው፣ ከምንጠይቃቸው አንዷ ተፈትታ ቤተ ክርስቲያን ድረስ መጥታ «እማማ፣ አሁን ወዴት ልሂድ?» ስትለን ነው።

አሥር ዓመት ተፈርዶባት ሰባት ሳይሞላት በአመክሮ ነው የወጣችው። (ከቅጣቷ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሳ፣ በጠባይዋ ተመስክሮላት ማለት ነው።) በእጇ የመፈቻ ወረቀት፣ በጣቷ እዚያ የተማረችው ጥልፍ፤ ሌላ ምንም የላትም። መታወቂያዋ ጊዜው አልፎበታል። ቤት አከራይ «እስካሁን የት ነበርሽ?» ይላል፣ የሠራተኛ ደላላ ተያዥ አምጪ ይላል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሲጀመር እሷ ውስጥ ስለነበረች፣ ሱቅ ገብቶ በስልኩ ከፍሎ የሚወጣውን ሰው ሁሉ ሳይከፍል የሄደ ይመስላት ነበር።

ማኅበራችን በየወሩ ለድግስ የሚያወጣውን ቀንሶ፣ የአንዷን ማኅበርተኛ ሰርቪስ ቤት ተከራየላት። ሌላዋ ወረዳ ይዛት ዞረች። ክርክር የተነሣው ልብስ ስፌት ቤት ሥራ አግኝታ ተያዥ ስትጠየቅ ነው። ዳቦ ማዋጣት ሌላ፣ መፈረም ሌላ። «ብትሰርቅስ?» ያለች አለች፤ እውነት ለመናገር ብዙዎቻችን ያሰብነውን ነው የተናገረችው። በመጨረሻ ታላቃችን፣ የሰማንያ ዓመት አዛውንት፣ «ለልጄ ባል ስፈርም ማንም አልጠየቀኝም፤ እሱን ያመንኩ እሷን ላምናት ነው!» ብለው ፈረሙ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ነገር ግራ ይገባን ነበር። እናቷ በሕይወት አሉ፣ ደብረ ብርሃን ቤት አላቸው፣ ልጇንም የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው። ለምን ወደ ቤቷ አትሄድም? ስንጠይቃት ዝም ትላለች። ኋላ ነው የነገረችን። ስትታሰር ልጅቷ ሦስት ዓመቷ ነበር። አያት «እናትሽ ዓረብ አገር ናት፣ ቤሩት» አሏት። ቃሊቲ ልጃቸውን ሊጠይቁ በመጡ ቁጥር መርካቶ ጎራ ብለው ቀሚስና ጫማ ይገዙና «ከቤሩት ላከችልሽ» ብለው ይሰጧታል። እንግዲህ ከቤሩት የምትመለስ እናት ባዶ እጇን እንዴት ትገባለች? ሻንጣ መሙያ እስክታገኝ ልጇን ላታይ ነው።

አያቲቱን አልፈርድባቸውም። እኔም የልጅ ልጅ አሳድጌአለሁ፤ ሕፃን «እናቴስ?» ብሎ ዓይን ዓይን ሲያይ አፍ የሚያመጣውን አውቃለሁ። የጎረቤት ምላስም አለ። ነገር ግን ውሸቱ ለሦስት ዓመት ልጅ የተሰፋ ቀሚስ ነው፤ አሥር ዓመት ሲሞላት አይበቃትም። ደግሞም በእኔ ግምት ልጆች ከምንጠረጥረው በላይ ያውቃሉ።

የንስሐ አባታችን ምክር አጭር ነበር፦ መናገር ያለባቸው አያት ናቸው፣ ያውም እናቲቱ ደጃፍ ከመድረሷ በፊት። ሁለት ሆነን ደብረ ብርሃን ሄድን። አያት መጀመሪያ ተቆጡ፤ «ልጄን ልታዋርዱብኝ ነው?» አሉ። ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው እስኪወርድ አልተናገሩም። ከዚያ ልጅቷን ጠርተው ነገሯት። ልጅቷ እጣኑን እያየች «አውቃለሁ፣ እማዬ። ትምህርት ቤት ነግረውኛል። እንዳታለቅሺ ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአንድ ጊዜ የተቃና አድርጌ አላወራም። እናቲቱ ስትሄድ ልጅቷ እንደ እንግዳ እጇን ዘርግታ ነው የጨበጠቻት። እማዬ የምትለው አያቷን ነው፤ እናቷን በስሟ ትጠራታለች። እናት ወዲያው ልውሰዳት አለች፣ አያት አልሰጥም አሉ። እኛ የመከርነው ልጅቷ የትምህርት ዓመቱን እዚያው እንድትጨርስ፣ እናት ቅዳሜ ቅዳሜ እንድትሄድ ነው። የመኪናው ዋጋ ደመወዟን ይበላዋል፤ ግማሹን ከማኅበሩ ሙዳይ እንሸፍናለን። አሁን ልጅቷ ቅዳሜ ከሰዓት መንገድ ዳር ወጥታ ትጠብቃታለች። ባለፈው ኅዳር ሴትዮዋ ራሷ ጽዋ ተረክባ፣ ያቺ «ብትሰርቅስ?» ያለችው ማኅበርተኛ ሳትቀር በዚያች ሰርቪስ ቤት ተጣበን በላን፣ ጠጣን።

ሰሞኑን ደግሞ አንዲት ሌላ አያት ደወሉልኝ። ልጃቸው ልትፈታ ጥቂት ወር ቀርቷታል፣ ክፍል ይኖራችሁ እንደሆነ ብለው ነው። የልጅ ልጃቸውን ዕድሜ ጠየቅኳቸው፤ አምስት ዓመቱ ነው አሉኝ። «እናትህ የት ናት አሉት?» ብላቸው ዝም አሉ። ቆይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዱባይ» አሉኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው እሄዳለሁ።