ወታደሩ ሲራመድ፣ ሲጠማ፣ ሲበላ

በለንደኑ ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም ስድስት ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የጆን ሲንገር ሳርጀንት ሥዕል አለ። የሰናፍጭ ጋዝ ያቃጠላቸው ወታደሮች ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዞ ወደ ሕክምና ጣቢያ ያዘግማሉ። ከመካከላቸው አንዱ እግሩን ከሚገባው በላይ አንሥቷል። ከፊቱ እርከን እንዳለ ያውቃል፤ ከፍታውን ግን ማየት አይችልም።

ሳርጀንት ዝናውን ያተረፈው የባለጸጎችንና የመኳንንትን መልክ በመሣል ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1918 እ.ኤ.አ.፣ የብሪታንያ መንግሥት የእንግሊዝና የአሜሪካ ወታደሮችን ትብብር የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል እንዲሠራ ወደ ፈረንሳይ ግንባር ላከው። በነሐሴ ወር አራስ ከተማ አካባቢ በጋዝ የተጎዱትን ሲያይ ግን ሐሳቡ ተለወጠ። በሥዕሉ ላይ ድል አድራጊ አዛዥ የለም፤ ጠላትም አይታይም። መሬት ላይ ከተዘረሩት አንዱ ከኮዳው ውሃ ይጎነጫል፣ ከበስተኋላ ደግሞ ጤነኞቹ ኳስ ይጫወታሉ።

ጀርመናዊው ኦቶ ዲክስ ራሱ መትረየስ ተኳሽ ሆኖ የተዋጋ ሰው ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. «ጦርነት» በሚል ርዕስ 50 የኅትመት ሥዕሎች አወጣ። በአንዱ ላይ ወታደር ምሽግ ውስጥ ሆኖ ይበላል፤ እዚያው አጠገቡ የሰው ዐፅም አለ። ርቦታልና ዞር ብሎ እንኳ አያየውም።

ይህን የሚያሳይ ሠዓሊ ለጦር ሰባኪዎች አይመችም። ናዚዎች በ1933 እ.ኤ.አ. ሥልጣን እንደያዙ፣ ሥዕሎቹ የሕዝቡን የመዋጋት ወኔ ያዳክማሉ ብለው ዲክስን ከድሬስደን የሥነ ጥበብ አካዳሚ መምህርነቱ አባረሩት።

የእኛዎቹ የዐድዋ ሥዕሎች ሌላ ዓላማ ነበራቸው። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ ሆኖ ይታያል፣ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከሁሉም ጎልተው ይሣላሉ፣ ኢትዮጵያውያኑ በሙሉ ፊት፣ ጣሊያኖቹ በጎን። ድሉን ለትውልድ ያቆዩ ውድ ቅርሶች ናቸው። ተራው ዘማች ግን ከጓዶቹ የማይለይ ፊት ይዞ በረድፍ ተደርድሯል።

ያ ሰው ስንቁን ይዞ ከቀዬው የወጣ፣ ብዙውን ጊዜም በባዶ እግሩ ለወራት የተጓዘ ገበሬ ነበር። የቆሰለ ተረከዝ፣ እየተመናመነ የሄደ ስንቅ፣ በተኩስ መሐል ለተዋጊዎች ውሃ ያደረሱ ሴቶች፦ ይህ ሁሉ ገና ሠዓሊውን ይጠብቃል። ስለ ዐድዋ ብሩሽ የሚያነሡ ወጣቶች እነዚህን ሰዎች አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን በራሱ መልክ ቢሥሏቸው፣ የዘማቾቹ የልጅ ልጆች ድሉ ምን እንዳስከፈለ በዓይናቸው ያዩታል።